ወደ ውኃ ቀጂዋ ቤት

«አትከተዪኝ አልኩሽ እኮ!»

የጓንት ሰፊዋ አማት ይህን ያሉት ዘወር እንኳ ሳይሉ ነው። ዱላቸው የመንገዱን ንጣፍ ድንጋይ ቋ፣ ቋ ያደርጋል። ከፊታቸው የከተማውን በር አልፎ የሚተመው ተሳላሚ መዝሙሩን ጀምሯል፤ እሳቸው ግን ከሁሉም ኋላ፣ ከመጨረሻው ሰው እንኳ ራቅ ብለው ነው የሚሄዱት። ጓንት ሰፊዋ ምራታቸው በአንድ እጇ የዳቦ ከረጢት፣ በሌላው የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ሮጥ ሮጥ እያለች ደረሰችባቸው።

«እማማ፣ ክንድዎን ይስጡኝ። ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ ጭቃ ነው።»

«ክንዴ የራሴ ነው። ልጅሽ ዘንድ ሂጂ! እናት ልጇን ለሰው ጥላ መንገድ ትወጣለች?»

«ለሰው አልሰጠኋትም፤ ለእህቴ ነው የሰጠኋት።»

«እህትሽ እንቅልፋም ናት። ጣሪያው ቢደረመስ አትነቃም። ተመለሽ ብያለሁ፣ ተመለሽ!»

ጓንት ሰፊዋ አልተመለሰችም። ባሏ ወደ ጦር ሜዳ ሲዘምት በሩ ላይ ቆሞ ያላት አንድ ነገር ነው፤ «እናቴን አደራ።» አደራ ደግሞ ከባድ ነው። አማቷ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ የሞት ዘመን፣ ብቻቸውን መንገድ ወጥተው አንድ ነገር ቢሆኑ ባሏን በምን ዐይኗ ልታየው ነው? የሰፈሩስ ሰው ምን ይላል? ስለዚህ ስድቡን እንደ ዝናብ ችላ፣ አንገቷን ደፍታ ተከተለች። ለነገሩ አዲስ ነገር አልነበረም። ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር እሳትና ጭድ ሆነው ነው የኖሩት። አሮጊቷ «አንቺ ብትለምኚው ኖሮ ይቀር ነበር» ይላሉ። እሷ ደግሞ «የእርስዎ ልጅ መቼ ልመና ሰምቶ ያውቃል?» ትላለች። ከዚያ ኩርፊያ።

ሰው አማቷን «ሰማያዊት» ነው የሚላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ክር ሲነክሩ የኖሩ ቀለም ነካሪ ናቸው፤ ከጣቶቻቸው ጫፍ እስከ ክርናቸው ድረስ ቆዳቸው ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። በሳሙናም በአመድም አይለቅም። ራሳቸው ሲቀልዱ «ስሞት ግማሹ ገላዬ ቀድሞ ሰማይ ገብቶ ይጠብቀኛል» ይላሉ። ሰሞኑን ግን ቀልዱም ጠፍቶባቸዋል። እራት ላይ ሳህናቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቤታቸው ይገባሉ። የልጅ ልጃቸውን እንኳ ወደ ጭናቸው ስትመጣ «ሂጂ ወዲያ፣ ቀለም ትነኪያለሽ» እያሉ ያባርሯታል። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ጓንት ሰፊዋ በውስጧ «ምን ዓይነት ልብ ነው?» ትላለች።

በዚያ ዓመት ጥቁሩ ትኩሳት ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያሉትን መንደሮች አራቁቶ ወደ ከተማው ተሻግሮ ነበር። ገዢው አዋጅ አስነግሯል። ትኩሳት የያዘው ሰው የተገኘበት ቤት፣ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ እንዳለ፣ በሩና መስኮቱ በሳንቃ ይቸነከራል። የቆዳ ፋቂው ቤት ከእነሱ ደጃፍ ፊት ለፊት የተቸነከረ ጊዜ፣ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሳንቃውን ሲደበድቡ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። በኋላ ድብደባው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ጓንት ሰፊዋ ልጇ ባስነጠሰች ቁጥር ልቧ ይሰቀላል።

የወንዙም ድልድይ ተዘግቷል። ሆኖም የውኃ ቀጂዋ ቅድስት ተሳላሚዎች አቤት ብለው፣ ካህናቱም አማልደው፣ ገዢው ለአንድ ቀን ብቻ እንዲሻገሩ ፈቀደ። ሰማያዊት ይህን እንደሰሙ «ለልጄ የተሳልኩት ስለት አለብኝ፤ እሄዳለሁ» ብለው ተነሡ። ማንን አማክረው? ማንንም።

ጉዞው ረጅም አይደለም። ጠዋት ወጥቶ ማምሻውን የሚያልቅ ነው። ከቅድስቲቱ ልደት ተነሥቶ እስከ ሞቷ፣ እሷ በኖረችበት ቅደም ተከተል መርገጥ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተወለደችበት ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ ድልድዩ፣ ቀጥሎ ምንጩ፣ በመጨረሻም በሽተኞችን ስታስታምም የሞተችበት ቤት። መሪያቸው አንድ ቀጭን መነኩሴ ናቸው። እርምጃቸው ፈጣን ስለሆነ ሰው «አባ ፈጠን» ይላቸዋል። ጸሎቱንም እንደ እርምጃቸው ያቻኩሉታል፤ ተሳላሚው መቁጠሪያውን ይዞ ግማሹ «ጸጋን የተመላሽ» ሲል፣ እሳቸው «አሜን» ላይ ደርሰዋል።

ወፍጮ ቤቱ ዘንድ ሲደርሱ ሁሉም በየተራ ጎንበስ እያለ የቅድስቲቱ አባት ይፈጭበት የነበረውን ድንጋይ ሳመ። ድንጋዩ በከንፈር ብዛት መሀሉ ጎድጉዷል። የሰማያዊት ተራ ሲደርስ ግን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ ዱላውን ወደ ግንባራቸው አስጠግተው አለፉ።

«ወገቤ አይታጠፍም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጓንት ሰፊዋ አፈረች። ትናንት ይህ ወገብ ታጥፎ የቀለም ጋን ሲገፋ አይታዋለች። «ኩራት ነው» አለች በልቧ። «ቅድስት ፊትም ኩራት!»

ድልድዩ ላይ ወታደሮች ጦራቸውን አጣምረው ቆመዋል። ኮምጣጤ የተሞላ የእንጨት ገንዳ መንገዱ መሀል ተቀምጧል፤ የሚሻገር ሁሉ እጁን እየነከረ ያልፋል። ከገንዳው ወዲያ ሰም የተቀባ ካባ የለበሰ ሐኪም ረጅም ዘንግ ይዞ የእያንዳንዱን ሰው እጅጌ በዘንጉ ጫፍ ገለጥ ያደርጋል፤ የሚፈልገው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። የጠረጠረውን ሰው ግንባሩን በጓንቱ ይነካዋል። ሻምበሉ በቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ከላይ ያያል። ፂሙ የሸበተ፣ ዐይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ሰው ነው።

የሰማያዊት እጅጌ ተገለጠ። ሐኪሙ «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ካባው እግሩን ጠልፎት ሊወድቅ ነበር። ወታደሮቹ ጦራቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ።

«ክንዷ በሙሉ! ክንዷ በሙሉ ጠቁሯል!» አለ ሐኪሙ።

«ጌታዬ ሐኪም» አሉ ሰማያዊት ቀዝቀዝ ብለው፣ «ይኼ ሞት ከሆነ እኔ ገና ኮረዳ ሳለሁ ነው የሞትኩት። ቀለም ነው።»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ከፊት የነበረ አንድ እግሩ አጠር ያለ ጫማ ሰፊ። ካባውን እያነሣ ለወታደሮቹ አሳየ። «ይህን የነከሩልኝ እሳቸው ናቸው። ቀለም የሚገድል ቢሆን መጀመሪያ እኔን ነበር፤ ዋጋ ስከራከራቸው ነው የኖርኩት።»

ተሳላሚው በሳቅ ፈነዳ። ወታደሮቹም ሳቁ። ጓንት ሰፊዋም ከፍርሃቷ የተነሣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሐኪሙ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ፣ ሌላ ሳይጠይቅ በዘንጉ «እለፉ፣ እለፉ» አላቸው። ግንባራቸውን አልነካም።

ድልድዩ መሀል ላይ አባ ፈጠን ቆመው ታሪኩን ተናገሩ። ቅድስቲቱ በወጣትነቷ፣ ሰው የሸሸውን አንድ መንገደኛ በሽተኛ በጀርባዋ አዝላ እዚህ ድልድይ ላይ እንዳሻገረችው፣ ዘመዶቿም በዚያ ቀን በሯን እንደዘጉባት። ሰዉ እየተነፋረቀ ሰማ። ሰማያዊት ከኋላ፣ የድልድዩን ግንብ ተደግፈው ቆመዋል። እንሂድ ሲባል አንድ እርምጃ ተራመዱና ጉልበታቸው ከዳቸው።

ጓንት ሰፊዋ ከረጢቷን ጥላ በሁለት እጇ ደገፈቻቸው። ጉንጫቸው ጉንጯን ነካት። የደገፈችው ገላ በልብሱ ላይ እንኳ እንደ ምድጃ ይጋረፋል።

«ልቀቂኝ!» አሉ፤ ባልጠበቀችው ኃይል ገፈተሯት። «አትንኪኝ! ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ?»

ጫማ ሰፊው ዘወር ብሎ አያቸውና ቶሎ ፊቱን መለሰ።

አማቷ ከጉያቸው ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡላትና ራቅ አሉ። «ኮምጣጤ ነው። እጅሽን ታጠቢ፤ ፊትሽንም።»

የተጸየፏት መሰላት። ታጠበች።

ከድልድዩ እስከ ምንጩ ያለው መንገድ በወይን ማሳዎች መሀል የሚያልፍ ለስላሳ አቀበት ነው። ጓንት ሰፊዋ ግን ማሳውንም ሰማዩንም አላየችም። ዐይኗ ከአማቷ ጀርባ አልተነቀለም። «ፀሐይ ነው» አለች ለራሷ። ፀሐይ ግን አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ደመና ነው። «ድካም ነው። እርጅና ነው።» የቆዳ ፋቂውም ሚስት መጀመሪያ «ድካም ነው» ነበር ያለችው። ከፊቷ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላለች፤ የሕፃኑ ራስ በእርምጃዋ ልክ ይወዛወዛል።

እንደ ምንም ተጠጋች።

«እማማ፣ ትኩሳት አለብዎ።»

«ያንቺ ወሬ ነው ያተኮሰኝ።»

«ለአባ ልንገራቸው።»

አሮጊቷ ቆሙ። ዐይናቸው ደም ለብሷል፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወደ ማን ቀርቤአለሁ? ማንንስ ነካሁ? እንደ ውሻ ከኋላ ነው የምሄደው። እዚያ ቤት እስክደርስ ብቻ ዝም በይ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ተናገሪ፤ ደወልም ደውዪ።»

«የትኛው ቤት?»

«ዝም በይ ብያለሁ።»

ዝም አለች። ዝምታው ግን እንደ ትኩስ ፍም በአፏ ውስጥ ነበር። ብትናገር ወታደር ይጠራል፤ አማቷ እንደ እንስሳ በጦር ጫፍ ይነዳሉ፤ ባሏ ተመልሶ «እናቴን ለወታደር ሰጠሻት?» ይላታል። ባትናገርስ? ያ ሕፃን፣ ያ ጫማ ሰፊ፣ እነዚያ የሚዘምሩ ሴቶች! የትኛው ኃጢአት ይቀላል?

ምንጩ ከአለት ሥር የሚፈልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ቅድስቲቱ ለበሽተኞቿ የምትቀዳው ከዚህ ነበር። እዚያ የደረሰ ተሳላሚ ሁሉ ከአንድ የመዳብ ጽዋ ይጠጣል፤ ጽዋው በሰንሰለት ከአለቱ ጋር ታስሯል። በዚህ በበሽታ ወራት ይህን ማንም ያሰበበት የለም፤ ሰው ከጠማውና ከጸለየ በኋላ ምን ያስባል? አባ ፈጠን ጽዋውን ሞሉና ዙሪያውን ቃኙ።

«በዕድሜ የሚበልጥ ይቅደም! እትዬ ሰማያዊት የት አሉ? እስቲ አሳልፏቸው።»

«እኔ መጨረሻ ላይ እጠጣለሁ አባ» አሉ ከሩቅ። «ኃጢአተኛ ነኝ።»

«ኃጢአተኛማ ሁላችንም ነን። ይምጡ፣ ይምጡ፣ አያስቸኩሉኝ!» አሉ ከሁሉ በላይ የሚቸኩሉት አባ። ሰዉ ሳቀና መንገድ ለቀቀ። እምቢ ማለት የሚያስጠረጥር ሆነ። ሰማያዊት ቀስ እያሉ፣ ልብሳቸው ማንንም እንዳይነካ ሰብሰብ እያደረጉ ወደ አለቱ ሄዱ። ጽዋውን ተቀበሉ። ከኋላቸው ያቺ ሕፃን ያዘለች ሴት ተራዋን ትጠብቃለች፤ ሕፃኑ ውኃውን አይቶ እጁን ዘርግቷል።

ጽዋው ወደ አፋቸው ተጠጋ።

«አትጠጡ!»

ጓንት ሰፊዋ የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። «ከእሳቸው በኋላ ማንም እንዳይጠጣ! ትኩሳት አለባቸው! እማማ ታመዋል!»

ከዚያ ጉድ ፈላ። ጽዋው ወድቆ በሰንሰለቱ ተንጠለጠለ። ሕፃን ያዘለችው ሴት እየጮኸች ወደ ማሳው ገባች። መቁጠሪያ ተበጠሰ፣ ጫማ ወለቀ፣ ሰው በሰው ላይ ተረማመደ። ሲዘምሩ የነበሩት ሴቶች «ገደለችን!» እያሉ ይራገሙ ጀመር። አንዱ ድንጋይ አነሣ። አባ ፈጠን በመሀል ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«ድንጋዩን ጣል!» አሉ። «የማንን መንገድ እየሄድክ ነው አንተ? ጣለው!»

ሰውየው ጣለው። ሰማያዊት አለቱን ተደግፈው ቁልቁል ወደ ምራታቸው አዩ። አልተሳደቡም። ከስድብ ይልቅ ያ አስፈራት።

ጩኸቱን የሰማው ሻምበል ከሁለት ወታደሮች ጋር እየጋለበ መጣ። በጦር ጫፍ የሰማያዊትን ሻሽ ገፋ አድርጎ አንገታቸውን አየ። ከጆሮአቸው ሥር እንደ ርግብ እንቁላል ያበጠ ነገር አለ። ሻምበሉ ተነፈሰ፤ ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበር።

«ማን ነካት?» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «የነካት ሁሉ ከእሷ ጋር ዳገቱ ላይ ካለው የበሽተኞች ቤት ይገባል። አዋጅ ነው። ዘመድ አላት?»

«የለኝም ጌታዬ» አሉ ሰማያዊት ፈጠን ብለው። «ብቻዬን ነው የመጣሁት። ማንም አልነካኝም።»

«ይህችስ? የጮኸችው?»

አሮጊቷ ምራታቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት፤ ገበያ ላይ የማይገዙትን ዕቃ እንደሚያዩ።

«እኔ እንጃላት። ከከተማው በር ጀምሮ ዳቦ ልሽጥልሽ እያለች የተለጠፈችብኝ ናት። አላውቃትም።»

ምራታቸው መሆኗን ሰው ሁሉ ያውቃል። ግማሹ የሰፈራቸው ሰው ነው፤ ሰርጓ ላይ የበላ አለ። ሻምበሉ ዐይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞረ።

«እውነት ነው?»

ጫማ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነት ነው ጌታዬ። አሮጊቷ ብቻቸውን ነው የመጡት።» አሁን ሲራገሙ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ደግሞ «አዎ፣ ብቻቸውን» አለች። አባ ፈጠን መዋሸት አይችሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ያዙ።

ስለዚህ ነጻ ናት። ዞር ብላ ድልድዩን ብትሻገር፣ ማምሻውን ልጇ ዘንድ ናት። ልጇ በሩ ላይ ጠብቃ ትጠመጠምባታለች። እሷም አንሥታ… እጆቿን አየች። እነዚህ እጆች ናቸው ያንን ገላ የያዙት። ጉንጯን ነካች፤ የአማቷ ጉንጭ ያረፈበትን። ልጇ ሁልጊዜ የምትስማት እዚያ ላይ ነው። የቆዳ ፋቂው ልጆች ሳንቃ ሲደበድቡ የሰማችው ድምፅ በጆሮዋ መጣባት። ከዚያ በኋላ የመጣውም ዝምታ።

«ጌታዬ ሻምበል» አለች። «ምራታቸው ነኝ። ድልድዩ ላይ ሲወድቁ ደግፌአቸዋለሁ።»

«አንቺ ጅል!» ሰማያዊት ዱላቸውን መሬት ላይ ወረወሩት። እንባቸው በደረቀው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። «ይኼ ሁሉ ሰው የሰማውን የማትሰሚ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነሽ? ጌታዬ፣ አትስማት፤ ንክ ናት!»

ሻምበሉ ለረጅም ጊዜ አያት። «ማን ጠየቀሽ?» አለ በለሆሳስ፤ ሊለቃት ፈልጎ እንደነበር ያኔ ገባት። ከዚያ በጦሩ ወደ ዳገቱ አመለከተ።

ሁለቱ ሴቶች ከፊት፣ ወታደሮቹ ከሩቅ ከኋላ ሆነው ወጡ። አባ ፈጠን እስከ አጥሩ ድረስ ሸኟቸው፤ እርምጃቸውን በአሮጊቷ እርምጃ ልክ አሳጥረው። የቀሩት ተሳላሚዎች ከማሳው ዳር ቆመው አዩ። በዚህ ጊዜ ጓንት ሰፊዋ የአማቷን ክንድ ያዘች። ማንም «ልቀቂኝ» አላላትም።

ቤቱ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ በኖራ የተለሰነ ነው። ቅድስቲቱ የሞተችበት የድንጋይ መደብ ዛሬም ግድግዳው ሥር አለ፤ ሰው ስለበዛ በሽተኛ ተኝቶበታል። የቤቱ አለቃ ወፍራም እማሆይ ናቸው። እጅጌአቸውን እስከ ብብታቸው ሰብስበው ተቀበሏቸው። «ልብስ አውልቁ፤ ይቃጠላል። ታማሚዋ እዚያ። አንቺ ጤነኛ ነሽ? እንግዲያው ባልዲ አንሺ» አሉ። ባልዲ አነሣች።

አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቀኑን ሙሉ አላናገሯትም። ውኃ ስትሰጣቸው ይጠጣሉ፤ ዐይናቸውን ግን አይገልጡም። በማግስቱ ማለዳ ጨርቅ እያራሰች ግንባራቸው ላይ ስታደርግ፣ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ስለት የለብኝም።»

«ምን አሉኝ?»

«ስለት የሚባል ነገር የለብኝም። ልጄስ ቢሆን መቼ ስለት ይሰማል? እንደ አባቱ ነው።» ትንሽ አረፉ። «ብብቴ ሥር ያበጠውን ያገኘሁት ጉዞው ሊነሣ በነበረበት ሰሞን ነው። እቤት ልተኛ? መጥተው ሳንቃውን በአንቺና በሕፃኗ ላይ ይቸንክሩት? ድልድዩን የሚሻገር ደግሞ ተሳላሚ ብቻ ነው። እዚህ ሰው አይቸነከርም፤ ሰው እዚህ አልጋ ያገኛል። እዚህ እስክደርስ እንዳትነኪኝ፣ እንድትጠዪኝ፣ ተናድደሽ እቤት እንድትቀሪ ያላልኩሽ ምን አለ? የማላውቀውን ስድብ ሁሉ ፈጠርኩ። አንቺ ግን እንደ መዥገር!»

ጓንት ሰፊዋ ጨርቁን ይዛ ቀረች። ሳህናቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቤት የገቡባቸው ምሽቶች፣ ከጭናቸው የተገፋችው ሕፃን፣ ያልተሳመው ድንጋይ አንድ በአንድ መጡባት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር?»

አትለቃቸውም ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ።

«ጽዋውስ?» አለች ጨርቁን እንደገና እያራሰች። «ምንጩ ጋ…»

«ከንፈሬን አላስነካውም ነበር። አስጠግቼ ልመልሰው ነበር ያሰብኩት።» አሁን ዞሩና አዩአት። «እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ማን ያውቃል? እንኳን ጮኽሽ። ያንን ልጅ አይተሽዋል፣ እጁን ሲዘረጋ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ጥሩ ጉሮሮ አለሽ። ለሌላ ነገር እንኳ ብትጠቀሚበት ኖሮ፣ ልጄ አይዘምትም ነበር።»

ጓንት ሰፊዋ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። እማሆይ ከወዲያኛው አልጋ ዘወር ብለው «ምንድን ነው ይኼ፣ ሰርግ ነው?» አሉ።

ሰማያዊት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ትኩሳቱ አእምሯቸውን ሲወስደው ጋን ይገፋሉ፣ ክር ያሰጣሉ፣ «ደመናው ሳይመጣ አንሡት!» እያሉ የሌሉ ሠራተኞችን ያዝዛሉ። ሲመለስላቸው የምራታቸውን እጅ ይፈልጋሉ። በዚያው ቀን ሲመሽ የቤቱ ካህን ቅዱስ ዘይት ከቀቧቸው በኋላ፣ እጇን እንደያዙ ዐረፉ።

ጓንት ሰፊዋንም ትኩሳቱ አልማራትም። ጥሏት ከረመ። እማሆይ ፀጉሯን ላጭተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ውኃ በማንኪያ እያጠጡ አቆዩአት። አንድ ጠዋት ነቅታ ራበኝ ስትል፣ እማሆይ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲቀመጡ ያላየቻቸው ሴት፣ ፊታቸውን በመጎናጸፊያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ክረምቱ አልፎ፣ ድልድዩም ተከፍቶ፣ የምትወጣበት ቀን ደረሰ። ከሌላ ሰው የተረፈ ሰፊ ቀሚስ አለበሷትና በሩን ከፈቱላት። ብርሃኑ ዐይኗን ወጋት። ከአጥሩ ወዲያ እህቷ ቆማለች፤ ቀሚሷን ይዛ ልጇ።

ሕፃኗ አላወቀቻትም። ይህች ቀጭን፣ ፀጉር የሌላት ሴት ማናት? ከአክስቷ ኋላ ተደበቀች። እህቷ «እማዬ እኮ ናት፤ ሂጂ» ብትላት ይበልጥ ተለጠፈች። ጓንት ሰፊዋ ልትሮጥ እግሯ ተነሥቶ ነበር፤ ግን መለሰችው። ባለችበት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ማነው እዚያ የተደበቀው?» አለች። «አክስትሽ ትናንት ከተኛች አልነቃችም ወይ?»

ድምፁን ስትሰማ ከቀሚሱ ኋላ አንድ ዐይን ብቅ አለ። ከዚያ ሌላው። ቀስ ብላ መጣች፣ ፊት ለፊቷ ቆመች፣ የተላጨውን ራስ በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደተዘጋው በር አየች።

«አያቴስ?»

«አያትሽ እዚህ ቀርታለች።»

«ለምን?»

ጓንት ሰፊዋ ልጇን አነሣቻት። ከበሽታው ወዲህ ምንም ነገር አንሥታ አታውቅም፤ ጉንጯን በልጇ ጉንጭ ላይ አሳረፈች።

«እኛ እቤታችን እንድንገባ» አለች፤ ቁልቁለቱንም ጀመሩት።